ቁልፉን የሰጠው ማነው?

ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፏል። ደሴ ያው ደሴ ናት፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ተኝቻለሁ። ባለቤቴ ለሥራ ወጥቷል። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ሁለት ልጆቼ ብቻ ነን። ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የብረት ድምፅ ነው። ቁልፍ በራችን ውስጥ ገባ። አልዞረም። ወጣና እንደገና ገባ።

"ማነው?" አልኩ። ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ደገምኩት።

ውጭ ያለው ሰው መነካካቱን አቆመ። "እህቴ ይቅር በይኝ" አለ። "ቤቱ ይሄ መስሎኝ ነው።"

አልከፈትኩም። የሕንጻችን ምድር ፎቅ ላይ ለሚኖሩት እናት ደወልኩ። ሁላችንም "እትዬ" ነው የምንላቸው። ነጠላቸውን እንደተከናነቡ፣ በስልካቸው መብራት እያበሩ ደረጃውን ወጡ። ጎረምሳ ልጃቸው ከኋላቸው አለ። በሩን የከፈትኩት የእሳቸውን ድምፅ ስሰማ ነው።

ሰውየው ጋቢ ደርቧል። በአንድ እጁ ፔርሙስ፣ በሌላው ሁለት ቁልፍ ይዟል። ቁልፎቹ በቀይ ክር ታስረዋል። አንዱ የቤት ነው። ሌላውን ግን ሳየው አወቅኩት። የሕንጻችን የታችኛው የብረት በር ቁልፍ ነው። እኔም ቦርሳ ውስጥ አለ።

አስታማሚ ነው። እናቱ ሆስፒታል ተኝተዋል። ሦስት ሌሊት ኮሪደር ላይ አድሯል። በአራተኛው ቀን አንድ ደላላ "በቀን የሚከራይ ቤት አለ" አለው። ፒያሳ ላይ ቁልፉን ሰጠውና "ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ" ብሎ አሰናበተው። ደላላው ምድሩን አንድ ብሎ ነው የቆጠረው። ሰውየው ደግሞ ምድሩን ሳይቆጥር ወጣ። እንዲህ ሆኖ የተከራየውን ቤት አልፎ፣ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ፣ እኔ በር ላይ ቆመ።

እትዬ ወረቀት ላይ የተጻፈለትን ስልክ ደወሉ። ዝግ ነው። ደላላውም አያነሳም። በመጨረሻ ራሳቸው ወደ ታች ወሰዱትና በሩን አስከፈቱት። "አብሽር ልጄ፣ እናትህን አላህ ያሽርልህ" ሲሉት ከላይ ሆኜ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰውየውን ፈርቼ አይደለም። እሱም እንደኔው ደንግጦ ነበር፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። የጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ቁልፍ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተሻገረ የሚያውቅ አንድም ሰው ሕንጻው ውስጥ የለም። ከሱ በፊት ማን ይዞት ነበር? ነገስ ማን ይይዘዋል? ስንት ቅጂ አለው?

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

በማግስቱ ማጣራት ያዝን። የቤቱ ባለቤት ዓረብ አገር ናት። ቤቱን የሚያከራይላት አንድ ዘመዷ ነው። እሱ ለአንድ ወጣት መሐንዲስ አከራየው። ወጣቱ ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራው ወደ ሌላ ከተማ ወሰደው። ቤቱን ግን አልለቀቀም። እውነቱን ነው፤ ደሴ ላይ ደህና ቤት አንዴ ከለቀቁ መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። አንድ ደላላ "ዝም ብሎ ከሚቀመጥ በቀን እናከራየው" አለው። አልጋና ምድጃ ገባ። ፎቶው ቴሌግራም ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ቤቱ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ሰው ይቀያይር ጀመር።

እዚህ ውስጥ ሌባ የለም። ሁሉም የራሱን ችግር ነው የፈታው። ባለቤቷ ዘመዷን ታውቃለች። ዘመዷ ወጣቱን ያውቃል። ወጣቱ ደላላውን ያውቃል። ደላላው እንግዳውን ለአምስት ደቂቃ አይቶታል። እኛ፣ ከእንግዳው ጋር በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ ሰዎች፣ አንዳቸውንም አናውቅም።

ይህ የኛ ብሎክ ታሪክ ብቻ አይደለም። ኮምቦልቻ ያሉ ወዳጆቼን ጠይቄ ነበር፤ የሚነግሩኝ ያንኑ ነው። ሐረጎን ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አየሩ ይሞቃል እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ፈላጊው እውነተኛ ስለሆነ ነው ነገሩ የማይቆመው። ደሴ ለሰሜኑም ለደቡቡም ወሎ፣ ለአፋርም ጭምር የሕክምና ከተማ ናት። አንዱ ወደ ሪፈራል ሆስፒታሉ፣ ሌላው ለዓይኑ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይመጣል። ታማሚ ብቻውን አይመጣም፤ ሁለት ሦስት አስታማሚ ይዞ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲመረቅ ቤተሰብ ከያለበት ይጎርፋል። ኮምቦልቻ ደግሞ ሌላ ሕዝብ አላት። በ2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ደረቅ ወደቡ አለ፣ ፋብሪካዎቹ አሉ፣ ከጅቡቲ በሚሌ በኩል የሚገባ የከባድ መኪና ሾፌር አለ። ሁሉም ለሳምንት፣ ለሦስት ቀን፣ ለአንድ ሌሊት ማደሪያ ይፈልጋል።

"ፔንሲዮን አለ አይደል?" ሊባል ይችላል። አለ። ግን ከነልጆቹ የመጣ ቤተሰብ ፔንሲዮን ሲገባ ሁለት ክፍል ነው የሚከፍለው። አስታማሚ ደግሞ ከምንም በላይ የሚፈልገው ምድጃ ነው። ለታማሚው አጥሚት ያፈላል፣ ሾርባ ይሠራል፣ ልብስ ያጥባል። ያ ሰው በዚያ ሌሊት የያዘው ፔርሙስ ለምን እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ስለዚህ "በቀን ማከራየት ይከልከል" የሚለው ሐሳብ ልቤን አይሞላውም። ቢከለከልም ተደብቆ ይቀጥላል። የተደበቀ ደግሞ የባሰ ነው።

አደጋው የቱ ጋ ነው?

ስለ ደኅንነት ስናወራ ወዲያው ወደ "ፀጉረ ልውጥ" እንሄዳለን። ይህን ቃል ደሴ ላይ ስሰማ ሆዴ ይረበሻል። ምክንያቱን ልናገር።

በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ገብቶ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠልሎ ነበር። ጥቂት ወራት ሳይቆይ፣ በ2014 ጥቅምት፣ ጦርነቱ እኛም ዘንድ ደረሰ። ያስጠለልነው ሕዝብና እኛ አብረን ወጣን። ያኔ በየሄድንበት ከተማ ፀጉረ ልውጦቹ እኛ ነበርን። "ከየት ነህ? መታወቂያህ የት ነው? ማን ያውቅሃል?" ተብለናል። ቤት ያከራየን ሰው መልካችንን አይቶ ዋጋ ሲጨምር አይተናል። "ግቡ፣ ስለ ገንዘቡ በኋላ እናወራለን" ያሉንም አሉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ አንድ ሰው ባጠፋ የመጣን ሁሉ በጥርጣሬ መደብደብ ምን እንደሚመስል ደሴ በደንብ ታውቃለች።

ስለዚህ አደጋውን በሰውየው መልክ፣ ቋንቋ ወይም አገር ላይ አልፈልገውም። አደጋው ቁልፉ ላይ ነው። በሩ ላይ ነው። ስልኩን በዘጋው ሰው ላይ ነው።

ቁልፉን እንመልከት። ብዙ ሕንጻ ላይ የታችኛው የብረት በር አንድ ዓይነት ቁልፍ ነው ያለው፤ ሁሉም ነዋሪ ቅጂ ይይዛል። አንድ ቤት በዓመት ለስልሳ እንግዳ ከተከራየ ያ ቁልፍ ስልሳ ኪስ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። መንገድ ዳር ቁልፍ የሚቀርጹ ልጆች ጋ ለማስቀረጽ ደግሞ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ከስልሳው ሃምሳ ዘጠኙ ጨዋ ናቸው እንበል። ያ በር ግን ከአሁን በኋላ ተዘግቷል አይባልም። ጥፋቱን የሚያደርሰው ደግሞ የተከራየው ሰው ላይሆን ይችላል። ቁልፉን ታክሲ ላይ ረስቶት የወረደው፣ ለጓደኛው ያዋሰው፣ ወይም ሱቅ ያስቀመጠው ነው መዘዝ የሚያመጣው።

ሁለተኛው አደጋ ብዙም የማይወራለት ነው፤ እሳትና ከሰል። ከቆላ የመጣ እንግዳ የደሴን ሌሊት አይችለውም። ከሰል አቀጣጥሎ ቤት ያስገባል፣ መስኮቱን ይዘጋል፣ ይተኛል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል። የአካባቢው ሰው ይህን ስለሚያውቅ ከሰሉ ፍም እስኪሆን ውጭ ያቆየዋል፤ ሲተኛም ያወጣዋል። እንግዳውን ግን ማን ይነግረዋል? አከራዩ ሌላ ከተማ ነው። ደላላው ቁልፍ ሰጥቶ ሄዷል። ስለ ሌባ ብቻ ስናስብ በሰላም የመጣው ሰው ራሱ ሊሞትብን እንደሚችል እንረሳለን።

ሦስተኛው በጣም ከባዱ ነው። ወሎ ልጆቿን ወደ ሳዑዲ በደላላ እጅ የምትሸኝ አገር ናት። በሕገ ወጥ መንገድ የሚወሰዱ ልጆች መንገድ ላይ ያድራሉ። ለአንድ ሌሊት የሚከራይ፣ ማንም ስም የማይጠይቅበት ቤት ለዚያ ሥራ ይመቻል። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው ለመነገድ ብሎ ሰውን ማስጠለልን እንደ ወንጀል ነው የሚያየው። እዚህ ላይ ጎረቤት የሚያየው ፀጉረ ልውጥ ሳይሆን የተጨነቀች ልጅ ናት። ከታች ያለው ቤት ውስጥ አምስት ልጃገረዶች ቀኑን ሙሉ ሳይወጡ ቢውሉ፣ ጥያቄው "እነማን ናቸው የገቡብን?" ሳይሆን "ልጆቹ ደህና ናቸው?" መሆን አለበት።

የጥንቱ እንግዳ ባለቤት ነበረው

አያቶቻችን እንግዳ የሚያሳድሩበት ሥርዓት ነበራቸው። መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ "ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነኝ" ይላል። "የእግዜር እንግዳ" ነውና ይገባል። እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል፣ መደብ ላይ ይተኛል። ያ ሰው ለመንደሩ ሁሉ እንግዳ ነው። ግን የሚያውቀው ቤት አለ። ጠዋት ሰው ቢጠይቅ "የእነ እገሌ እንግዳ ነው" ይባላል። ቢያጠፋ የሚጠየቅለት፣ ቢበደል የሚከራከርለት ሰው አለው። እንግዳው የሚያድረው አስተናጋጁ በተኛበት ቤት ውስጥ ነው።

አሁን የጠፋው ይሄ ነው። እንግዳ መቀበላችን አልጠፋም። የጠፋው "የእነ እገሌ እንግዳ ነው" የሚለው ቃል ነው።

በጣም የሚገርመኝ፣ ኒው ዮርክ ከተማ ብዙ ተከራክራ የደረሰችበት ሕግ ከዚህ ጋር መመሳሰሉ ነው። በፈረንጆቹ መስከረም 2023 ሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት፣ ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ ቤቱን የሚያከራይ ሰው መመዝገብ አለበት። እንግዳው ባለበት ጊዜ እሱም እዚያው ቤት መኖር አለበት። ከሁለት እንግዳ በላይ መቀበል አይችልም። በመካከላቸው ያሉት በሮችም አይቆለፉም። እኛ ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ እናምጣ አልልም። ደሴ ኒው ዮርክ አይደለችም። ግን የሕጉ ልብ የአያቶቻችን ነው፤ እንግዳ ያስገባ ሰው አብሮ ይገኝ።

ፔንሲዮንን እንኳ እንይ። አልጋ ሲሰጥ መታወቂያ ይጠይቃል፣ መዝገብ ላይ ስም ይጽፋል፣ ሌሊቱን ሙሉ መግቢያው ላይ ሰው አለ። በቀን የሚከራየው ኮንዶሚኒየም የፔንሲዮን ሥራ እየሠራ ከነዚህ ሦስቱ አንዱንም አያደርግም። ኃላፊነቱን ሳያውቁት የወሰዱት ጎረቤቶች ናቸው። የዘበኛውን ደሞዝ የምንከፍለው እኛ፣ ሌሊት የምንነቃው እኛ፣ ፎቅ የምናሳየው እኛ።

ተከራይ ሲሆኑ ደግሞ

እኔ ባለቤት አይደለሁም፤ ተከራይ ነኝ። ከላይ ያልኩት ሁሉ ተከራይ ላይ ሲደርስ እጥፍ ይሆናል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ወደ ክልል ከተሞችም መጥቷል። እነዚህ ቤቶች የሚተዳደሩት በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። በአዋጁ መሠረት ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ የታችኛው በርና ግቢው የጋራ ንብረት ነው። ይህን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። ማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ያወጣል፤ ደንቡ ባለቤቱንም፣ ቤቱ ውስጥ የሚኖረውንም ይመለከታል። ጥሩ ነው። ችግሩ አባልነቱ የባለቤት መሆኑ ነው። ጂዳ ያለችው ባለቤት ድምፅ አላት። ደረጃውን በቀን አራት ጊዜ የምወጣው እኔ የለኝም። በኛ ብሎክ አብዛኞቻችን ተከራይ ነን። ስብሰባ ሲጠራ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ የሚበተነውም ለዚህ ነው፤ መወሰን የሚችሉት እዚህ አይኖሩም፣ እዚህ የምንኖረው መወሰን አንችልም።

ተከራይ ቢያማርር ደግሞ መልሱ ይታወቃል። "ካልተመቸሽ ልቀቂ።" ይህን የፈራ ሰው ዝም ይላል። ብዙ ሰው ዝም ያለው ግድ ስለማይሰጠው አይደለም።

እዚህ ላይ አዲሱ የኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ትልቅ ነገር ይዟል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ2 ዓመት ማነስ አይችልም። በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ለተቆጣጣሪው አካል ቀርቦ ይመዘገባል። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። አዋጁ የሚሠራባቸውን ከተሞች የሚወስኑት ክልሎች ናቸው፤ ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የከተማ አስተዳደሩን ጠይቁ። የተመዘገበ የ2 ዓመት ውል ያለው ተከራይ "ልቀቂ" ሲባል የሚያሳየው ወረቀት አለው። የቃል ውል ያለው ግን አፉን ይዞ ይቀመጣል። ሰዎች ይህን አዋጅ ስለ ዋጋ ብቻ ነው የሚያወሩት። ለኔ ግን የደኅንነት አዋጅ ነው፤ ቅሬታ ለማቅረብ ድፍረት የሚሰጠኝ እሱ ነው።

ስለ መልሶ ማከራየትስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተከራይ የተከራየውን መልሶ እንዳያከራይ በጅምላ አይከለክልም። ውሉ "ያለ አከራዩ ፈቃድ አይቻልም" ካለ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። መልሶ ያከራየ ሰውም ከአከራዩ ጋር ካለው ግዴታ አይወጣም፤ ሌላ ሰው አስገብቼ ሄጃለሁ ብሎ መላቀቅ የለም። ስለዚህ አከራዮች ሆይ፣ ውላችሁ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ። በቀን ወይም በሳምንት ማከራየት ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይቻልም በሉ። ለጎረቤቶቻችሁ ከዚህ የበለጠ ውለታ የለም።

ያው ሕግ በቁጥር 1225 ላይ ባለንብረት ጎረቤቱን የሚያውክ ነገር እንዳያደርግ ይላል። ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸት፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ካለፈ አይፈቀድም። "በቤቴ ምን አገባችሁ?" ለሚል ሰው መልሱ እዚህ አለ። ሁልጊዜ ፍርድ ቤት መሄድ ባያስፈልግም፣ ሕጉ መኖሩን ማወቅ አነጋገርን ይቀይራል።

እኛ ያደረግነው

ከዚያ ሌሊት በኋላ እትዬ ወጣቱን መሐንዲስ ፈልገው አገኙት። አልጮሁበትም። "ልጄ፣ ስትመጣ ቡና አፈላለሁ፣ ና" አሉት። ቅዳሜ መጣ። አቦል ቶና በረካ እስኪያልቅ ስድስት ሰባት ሆነን ከበነው። መጀመሪያ አኮረፈ፤ "ኪራዬን እየከፈልኩ ነው" አለ። እትዬ ያንን ሌሊት አንድ በአንድ ነገሩት። የኔ ትንሿ ልጅ እስካሁን በር ሲነካ እንደምትነቃ ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ "እኔ እኮ ማን እንደሚገባ አላውቅም ነበር" አለ። እውነቱን ነበር፤ ችግሩም እሱ ነበር።

የተስማማነው ጥቂት ነገር ነው። ቁልፍ ከእንግዲህ መንገድ ላይ አይሰጥም። እንግዳው ሕንጻው ድረስ መጥቶ፣ ወጣቱ ወይም እሱ የወከለው አንድ የታወቀ ሰው ተቀብሎት፣ በሩን ያሳየዋል። የታችኛው በር ቁልፍ ለእንግዳ አይሰጥም፤ ዘበኛው ይከፍታል። በዚህ ዘበኛውን ማማከር ረስተን ነበር፤ "ሌሊት ስንቴ ልነሳ?" ብሎ ተቆጣ፣ ትክክል ነበር። ስለዚህ ወጣቱ ከያንዳንዱ እንግዳ ላይ ለዘበኛው እንዲጨምር ተስማማ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የሚመጣ እንግዳ ካለ አስቀድሞ ይነገረዋል።

ዘበኛው ደብተር ይይዛል። ስም፣ ስልክ፣ የገባበትና የሚወጣበት ቀን ይጽፋል፤ መታወቂያውን ወይም ፋይዳውን አይቶ ይመልሳል። አንድ ጎረቤት "መታወቂያውን ፎቶ አንስተን የብሎኩ ቴሌግራም ላይ እንልቀቀው" ብሎ ነበር። ተከራከርኩት። የሰው መታወቂያ አርባ ሰው ስልክ ውስጥ ምን ይሠራል? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321/2016፣ ወጥቷል። ሕጉ ባይኖርም ነውር ነው። ለራሳችን ደኅንነት ብለን የሌላውን ሰው ደኅንነት አንሸጥም። ደብተሩ ዘበኛው ጋ ይቆለፋል።

የታችኛውን በር ሲሊንደር፣ ቁልፉ የሚገባበትን ክፍል፣ ቀየርን። ይህን ሥራ ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ በጣም ቀላል ነው። በሩን ከፍታችሁ ጠርዙን ብታዩ፣ በቁልፉ ቀዳዳ ልክ ላይ አንድ ረጅም ብሎን አለ። እሱ ሲወጣ፣ ቁልፉን ከተው ትንሽ ሲያዞሩት፣ ሲሊንደሩ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። አዲሱን ተመሳሳይ ርዝመት ያለውን ከተው ብሎኑን መመለስ ነው። እኔም የቤቴን ቀየርኩ። አዲስ ቤት የሚገባ ተከራይ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይህን ቢያደርግ ደስ ይለኛል። ከእናንተ በፊት ስንት ሰው እንደኖረበትና ስንት ቅጂ እንዳስቀረጸ አታውቁም። አከራያችሁን አስፈቅዱ፤ አሮጌውን አስቀምጡና ስትወጡ መልሱለት። ከውስጥ በኩልም መቀርቀሪያ አስገጥሙ፤ ከውጭ በቁልፍ የማይከፈት።

የከሰሉን ነገር በትልቁ ጽፈን ከታች ያለው ቤት በር ጀርባ ላይ ለጠፍነው። በአማርኛና በአፋርኛ ነው። አፋርኛውን የጻፈልን ገበያ ላይ የሚሠራ ጎረምሳ ነው፤ ገንዘብ አልቀበልም አለ።

ከሁሉም የረከሰውና ከሁሉም የጠቀመው ግን ቀለም ነው። አንድ ትንሽ ቆርቆሮ ቀለምና ብሩሽ። በየፎቁ ግድግዳ ላይ ቁጥር ጻፍን፤ ምድር፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4። በየበሩም የቤት ቁጥር። ይህ ሕንጻ ያለ ቁጥር ይህን ሁሉ ዓመት መቆሙን ሳስበው ይቆጨኛል።

ስድስት ቤት ሆነን ቡና ላይ የሠራነው ይሄው ነው። ደሴ ላይ ቅሬ፣ ማለትም እድር፣ ያለው ሰፈር ሁሉ ይህን መሥራት ይችላል። ለቅሶ ላይ ድንኳን የሚተክል፣ ወንበር የሚቆጥር፣ መዋጮ የሚሰበስብ ሕዝብ አንድ የቁልፍ ደብተር ማስተዳደር አያቅተውም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የምንለው እኮ ለለቅሶ ብቻ አይደለም።

ግን ቡና ሁሉን አይፈታም። የኛ ወጣት ቀና ሰው ሆኖ ነው። ባይሆን ኖሮ? "አልስማማም" ቢል ምን እናደርግ ነበር? ማኅበሩ ደንብ ከሌለው፣ ተከራይ ድምፅ ከሌለው፣ ባለቤቷ ሩቅ ከሆነች፣ የምንሄድበት በር የለም። ወጣቱ ነገ ቤቱን ለቆ ሌላ ሰው ቢገባ ያ ስምምነት አብሮት ይወጣል፤ የተጻፈ አይደለምና።

ስለዚህ ለባለቤቶች ማኅበር ማመልከቻ ጽፈናል። ጂዳ ያለችውን ባለቤት በኢሞ አግኝተን አነበብንላት፤ "እኔም ልጅ አለኝ፣ ይስማማኛል" ብላለች። የጠየቅነው ተከራዮች በደኅንነት ጉዳይ ላይ ስብሰባ ገብተው እንዲናገሩና፣ ቤት በቀን የሚያከራይ ሁሉ ማኅበሩ ዘንድ እንዲመዘገብ ነው። የመጨረሻውን መስመር ያስጻፉት እትዬ ናቸው። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ "ለእንግዳ ቁልፍ የሰጠ ሰው፣ እንግዳው እስኪወጣ ድረስ ስልኩን ሌሊትም አይዝጋ።"